ሳይጨርስ አትሙሉት፦ የቤት ቢራን በጠርሙስ ስለማሸግ

(ቢራ በቤታቸው መጥመቅ ለጀመሩ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ዛሬ የሚፈነዳ ነገር ይዤ አልመጣሁም።

ከመጀመሬ በፊት ይህችን ነገር ተቀባበሏት። ዙሪያዋን በፕላስተር ስለጠቀለልኳት እጅ አትቆርጥም፤ ቢሆንም ቀስ በሉ። የጠርሙስ ቂጥ ናት። ከአንድ ጠርሙስ በወጉ የተረፈችው ይህች ብቻ ናት። አንገቱን ከነቆርኪው ኮርኒስ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። የቀረውን ስብርባሪ ለሁለት ሳምንት ከጫማ ውስጥ፣ ከመጥረጊያ ሥር፣ አንዴም ከዣንጥላ እጥፋት ውስጥ ስለቅም ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ጠመቃዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስላማሩልኝ ራሴን እንደ ባለሙያ መቁጠር ጀምሬያለሁ። 20 ሊትር ጠመቅኩ። ቢራው ማብላያ ባልዲው ውስጥ ስምንት ቀን ቆየ። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ቡልቅ ቡልቅ ማለቷን አቆመች። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ወዳጆቼ ሊመጡ ነው። «አለቀ በቃ» ብዬ ስኳሩን ጨምሬ፣ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ቆርኪ ገጥሜ ጓዳ ደረደርኩት። ስኳሩ ተበልቶ ማለቁን የሚያሳየው መለኪያ፣ ሃይድሮሜትሩ፣ ቤቴ ነበር። ከካርቶኑ ግን ወጥቶ አያውቅም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጓዳው ውስጥ አንድ ነገር «ጧ!» አለ። ሌባ መሰለኝ። ሄጄ የበሩን እጀታ ስይዝ ሁለተኛው ፈነዳ። ስብርባሪው በሩን ከውስጥ ሲመታው እጄ ላይ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ የሮጥኩትን ሩጫ አልነግራችሁም። ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ ሳይ፣ ከ38 ጠርሙስ 7ቱ የሉም። የቀሩት 31 ተደርድረው ያዩኛል። እኔም በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ።

እነዚያ 31 ምን እንደሆኑ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ሰው ቤቴ መጥቶ ቢራ ስቀዳለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አይመርዝም ወይ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ሜታኖልን፣ መርዛማውን የአልኮል ዓይነት፣ ያነሳል። ሁለቱም ያለ ቦታቸው የገቡ ፍርሃቶች ናቸው። ብቅል ሲብላላ የሚፈጠረው ሜታኖል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሜታኖል ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው የኢንዱስትሪ አልኮል መጠጥ ውስጥ ሲቀላቀል ነው፤ አልኮል ማንጠርም የራሱ አደጋ አለው። ቢራ መጥመቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። ጀርሙንም ብትወስዱ፣ ተብላልቶ ያለቀ ቢራ ለበሽታ አምጪ ተህዋስያን የሚመች ቤት አይደለም። አልኮል አለው፣ ሆፕስ (ቢራን መራራ የሚያደርገው አበባ) አለው፣ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል፣ አሲዳማነቱም ፒኤች 4 እና 4.5 አካባቢ ነው። የተበላሸ ቢራ ብዙ ጊዜ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ትደፉታላችሁ፣ አለቀ። (አልኮል አልባ ቢራን እዚህ ውስጥ አትክተቱብኝ፤ እሱ መከላከያ ስለሌለው ጥንቃቄው ሌላ ነው።)

እኔ የምፈራው ብርጭቆውን ነው። ቢራው ሆድ ቢያሳምም ነገ ይለቃል። ዓይን ውስጥ የገባ ስባሪ ግን አይለቅም። ስለዚህ ዛሬ «ደኅንነት» ስል በአብዛኛው የማወራው ስለ ግፊት ነው። ጠርሙስ የሚፈነዳው ጓዳ ውስጥ ይሁን እንጂ ጥፋቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት፣ በምንሞላበት ቀን ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። እርሾ ስኳር ይበላል፤ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ባልዲው ውስጥ እያለ ጋዙ በአየር ማስወጫው ወጥቶ ይሄዳል። ጠርሙስ ውስጥ ስትከድኑት ግን መሄጃ የለውም። ቢራው ውስጥ ይሟሟል፣ የቀረው አንገቱ ላይ ይታመቃል። አረፋ የምንለው ከዚህ ይመጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሌክሳንደር ኖዌል የሚባሉ የለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዲን ነበሩ። ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው የቢራ ጠርሙሳቸውን ሣር ውስጥ ረሱት፣ ከቀናት በኋላ ተመልሰው ሲከፍቱት እንደ ጠመንጃ ጮኸ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ እኔ አምናቸዋለሁ። ድምፁን አውቀዋለሁና።

አሁን ቁጥር ልናገር ነው፤ ታገሱኝ። ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው ሌላውን ሁሉ ራሱ ይደርስበታል።

ለብዙ የቢራ ዓይነት የሚስማማው መጠን በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ 2.4 ሊትር ያህል ጋዝ ነው። ይህ ቢራ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱን ከውስጥ በ1.8 ባር አካባቢ ይገፋዋል። የመኪና ጎማ ብዙ ጊዜ 2.2 አካባቢ ነው። ማለትም በደህናው ቀን እንኳ እያንዳንዱ ጠርሙሳችሁ ከመኪና ጎማ ብዙም የማያንስ ግፊት ተሸክሞ ቆሟል። ደህና ጠርሙስ ይህን ያለ ችግር ይችለዋል።

ጉዱ ያለው የተረፈው ስኳር ላይ ነው። ሃይድሮሜትር ላይ የምታዩት ቁጥር፣ ለምሳሌ 1.010፣ ቢራው ከውኃ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። ስኳሩ ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል። ከመጨረሻው አሃዝ አንዷ ብቻ ጠርሙስ ውስጥ ብትወርድ፣ ከ1.011 ወደ 1.010 ማለት ነው፣ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ጋዝ ትጨምራለች። አንዷ ብቻ!

እንግዲህ አስቡት። ቢራችሁ 1.010 ላይ ሊያቆም የሚገባው ነበር። እናንተ ግን ቸኩላችሁ 1.014 ላይ ሞላችሁት። አራት አሃዝ ቀርቷል፤ ያ ሁለት ሊትር ጋዝ ነው። ለአረፋ ብላችሁ ከጨመራችሁት ስኳር ጋር ሲደመር 2.4 የነበረው 4.4 ይሆናል። ግፊቱ 20 ዲግሪ ላይ 4 ባር ይደርሳል። ጓዳው ሞቆ 30 ዲግሪ ቢሆን ወደ 6 ባር ይጠጋል። ይህ የሻምፓኝ ግፊት ነው። የሻምፓኝ ጠርሙስ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ባዶውን እንኳ ክብደቱን አስታውሱት። ለዚህ ነው ያን ያህል የወፈረው። የቢራ ጠርሙስ ለዚያ አልተሠራም።

1.014 ላይ ያለ ቢራ ደግሞ ስትቀምሱት ያለቀ ይመስላል። ስታዩት ያለቀ ይመስላል። የአየር ማስወጫውም ዝም ብሏል። እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷው ናት። የአየር ማስወጫ መለኪያ አይደለችም። ክዳኑ በአንድ በኩል ትንሽ ክፍተት ካለው ጋዙ በዚያ ሾልኮ ይወጣል፣ እሷ ዝም ትላለች። ክፍሉ ከሞቀ ደግሞ ያለቀ ቢራ ጋዝ ይለቅና ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። ዝም ስትልም፣ ስትጮህም አትመኗት።

የሚታመነው ሃይድሮሜትር ነው። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። አጠቃቀሙን በቅርብ ላሳያችሁ። ከባልዲው ቢራ በንጹህ ዕቃ ትቀዳላችሁ፤ ረጅሙን የመለኪያ ብርጭቆ ለመሙላት የሚበቃ። ትንሽ ታናውጡትና ጋዙን ታስወጣላችሁ። መለኪያውን ስትጨምሩ ጣታችሁ ላይ እንደ እንዝርት ሾር አድርጉት፤ ከጎኑ የተጣበቁት አረፋዎች ይለቃሉ። አረፋ ካለበት ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ያልሆነ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከዚያ ጎንበስ በሉ። ዓይናችሁ ከቢራው ጠለል ጋር እኩል ይሁን። ፈሳሹ መለኪያው ጎን ላይ ትንሽ ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ፤ እሱን ትታችሁ ዝቅ ያለውን ጠለል አንብቡ። አብዛኛው ሃይድሮሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው፤ የእናንተው የተጻፈበትን እዩ። ስትገዙት ደግሞ አንዴ በንጹህ ውኃ ሞክሩት። 1.000 ካላለ ስንት እንደሚስት ጻፉና በዚያ አርሙ። የለካችሁበትን ቢራ ወደ ባልዲው አትመልሱ። ጠጡት። የጠማቂ አበል ነው።

አንዴ መለካት ዋጋ የለውም። ለካችሁ፣ ሦስት ቀን ጠበቃችሁ፣ ደግማችሁ ለካችሁ። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ እና ከምትጠብቁት መጨረሻ አጠገብ ከሆነ ሙሉት። «እና» የምትለዋ ቃል ላይ አስምሩባት። ቁጥሩ ቆሞ፣ ግን የቆመው 1.020 ላይ ከሆነ፣ የጠመቃ መመሪያችሁ ደግሞ 1.010 ካለ፣ ያ ቢራ አላለቀም። እርሾው ተኝቷል። ምናልባት ክፍሉ ቀዝቅዞበት ነው። ያንን ሞልታችሁ ሞቅ ወዳለ ጓዳ ስታስገቡት ይነቃል። የሚነቃው ግን ተዘግቶበት ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ባልዲውን ሁለት ሦስት ዲግሪ ሞቅ ወዳለ ቦታ ውሰዱት፣ እርሾው ከታች እንዲነሳ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት፣ ሳምንት ስጡት።

ለጀማሪ የምመክረው፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠርሙስ እንዳያነሳ ነው። ባልዲ ውስጥ አንድ ሳምንት በመቆየቱ የተበላሸ ቢራ አላየሁም። አንድ ሳምንት ቀድሞ በመሞላቱ የተበላሸ ኮርኒስ ግን አለኝ።

ስኳሩ ላይ እንምጣ። ስንሞላ ሆን ብለን ትንሽ ስኳር እንጨምራለን፤ እርሾው ለመጨረሻ ጊዜ በልቶ አረፋውን እንዲሠራልን። ተራ የጠረጴዛ ስኳር በሊትር 4 ግራም ያህሉ አንድ ሊትር ጋዝ ይሰጣል። 20 ዲግሪ ላይ የተብላላ ቢራ ደግሞ ከራሱ 0.85 ሊትር አካባቢ ጋዝ ይዞ ይቆያል። 2.4 ለመድረስ የሚጎድለው 1.55 ነው። በአራት ስታባዙት በሊትር 6 ግራም ያህል ሆነ፤ ለ20 ሊትር 120 ግራም። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚከብድ የለውም። ዴክስትሮስ (የግሉኮስ ዱቄት) የምትጠቀሙ ከሆነ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩበት።

እዚህ ላይ የተሳሳትኩባቸውን ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛው፣ በማንኪያ መስፈር። የእኔ ማንኪያና የእናንተ ማንኪያ እኩል አይደለም፤ የእኔው ማንኪያ ራሱ ጠዋትና ማታ እኩል አይደለም። ሚዛን ተጠቀሙ። ሁለተኛው፣ የደረሰኝን ሳይሆን የጠመቅኩትን ሊትር ማስላት። ባልዲው ውስጥ 20 ሊትር ቢኖርም ታች አተላ አለ። ወደ መሙያው ባልዲ፣ ማለትም ከጠርሙስ በፊት አተላውን ትተን ቢራውን ወደምናዛውርበት ሁለተኛ ባልዲ፣ የሚደርሰው 18፣ አንዳንዴ 17 ነው። ስኳሩ የሚሰላው በዚህ ነው። ባልዲያችሁ ላይ ከውጭ በማይለቅ ቀለም የሊትር ምልክት አድርጉበት።

ሦስተኛው በየጠርሙሱ ስኳር መጨመር ነው። ሃሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 3 ግራም ጣል ማድረግ። ከዚያ ስልክ ይጠራል። ትመለሳላችሁ። ይቺኛዋ ላይ ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም? ሁለቴ የተጨመረባት ጠርሙስ ወደ 4 ሊትር ጋዝ ትጠጋለች። ያልተጨመረባት ደግሞ ውኃ ውኃ ትላለች። ይልቅ ስኳሩን በሙሉ በአንድ ኩባያ ውኃ አሟሙታችሁ ጥቂት ደቂቃ አፍሉትና አቀዝቅዙት። መጀመሪያ ባዶው መሙያ ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ቢራውን በላዩ ላይ በቱቦ አውርዱበት። የቱቦው ጫፍ ታች ወለሉ ላይ ይተኛ፣ ቢራው እየዞረ ይሙላ። በመጨረሻ በተመከነ ማንኪያ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አማስሉት። ከታች የተኛ ስኳር ካለ የመጨረሻዎቹ ጠርሙሶች ይፈነዳሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አረፋ አይኖራቸውም።

በፍሪጅ አቀዝቅዞ አተላውን ማዝቀጥ የሚወድ ሰው አለ። እኔም እወዳለሁ። ግን ስትሰሉ ቢራው አሁን ያለበትን ቅዝቃዜ ሳይሆን ተብላልቶ ሲያበቃ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ውሰዱ። ጋዙ የወጣው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝም የወጣው አይመለስም።

ጠርሙስ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ቆርኪ የሚገጠምበት ደህና የቢራ ጠርሙስ በቂ ነው። በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈተውን ተዉት፤ አፉ ጥርስ ስላለው የእኛ ቆርኪ በደንብ አይዘጋውም። ለጌጥ የተሠራ አራት ማዕዘን ጠርሙስ፣ የማር ብልቃጥ፣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ የጭማቂ ጠርሙስ በጭራሽ። እነዚህ ግፊት እንዲችሉ አልተሠሩም። አራት ማዕዘኑ በተለይ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። በሽቦና በጎማ የሚዘጋው ጥሩ ነው፤ ጎማው ሲደርቅ ይለወጥ። እያንዳንዱን ጠርሙስ ብርሃን ላይ ያዙና አዙሩት። ከዚያ ጣታችሁን አፉ ዙሪያ በቀስታ አዙሩ። ትንሽ ሸራፋ ካለች ጣት ከዓይን ቀድሞ ያገኛታል። ሸራፋ ጠርሙስ ወደ ቆሻሻ። «ያሳዝናል» የለም።

ቡናማ ያልኩት ለውበት አይደለም። ብርሃን የሆፕስን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብረውና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ይከላከላል፣ አረንጓዴ እምብዛም ነው፣ ነጩ ምንም አይረዳም። በጨለማ ካስቀመጣችሁት ሁሉም አንድ ነው።

ቆርኪም አንዴ ተከፍቶ የነበረ አይደገም። አዲስ ግዙ። በነገራችን ላይ ይህቺን የቆርኪ ነገር የፈጠረው ዊልያም ፔይንተር የሚባል በአሜሪካ ባልቲሞር ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1892 ነው። የመጀመሪያዎቹ 24 ጥርስ ነበራቸው። ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ብትቆጥሩ 21 ነው። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ጠርሙስ እስኪያንጠባጥብ ስትጠብቁ ብዙ ትርፍ ጊዜ አለ። የበለጠ የሚጠቅማችሁ ግን ይህ ነው፤ የተለመደው ቆርኪ 26 ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንድ ትልልቅ ጠርሙሶች ግን 29 ይፈልጋሉ። የማይገጥም ቆርኪ ስታስገድዱ አንገቱ ይሰበራል። በሁለት እጅ የሚጫነውን መግጠሚያ የምትጠቀሙ ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ አንገት ላይ ስለሚጨብጥ አልፎ አልፎ ይሰብራል። በመዶሻ ልግጠም የሚል ካለ ከአዳራሹ ሲወጣ ያነጋግረኝ።

ንጽሕና ላይ ሰው ብዙ ስለሚያወራ አላረዝመውም። ማጠብና ማምከን ሁለት ነገር ናቸው። ደርቆ የተጣበቀ አተላ ላይ ማምከኛ ብታፈሱበት ጀርሙ ከሥሩ ተኝቶ ይስቅባችኋል። መጀመሪያ ይታጠብ። ጠርሙሱን በጠጣችሁበት ሰዓት ሦስቴ ካለቀለቃችሁት ነገሩ አለቀ። ከደረቀ በሙቅ ውኃና ሶዲየም ፐርካርቦኔት በሚባል የማጽጃ ዱቄት ይዘፍዘፍ። የዕቃ ሳሙና ተዉ፤ ቅሪቱ አረፋ ይገድላል። ከዚያ መታጠብ የማይፈልገውን በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ ማምከኛ፣ ዕሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጣችሁ፣ ለሚለው ደቂቃ አርጥቡትና ገልብጣችሁ አንጠፍጥፉት። የሚቀረው አረፋ አይጎዳም። በረኪና የምትጠቀሙ ካላችሁ በውኃ በጣም አቅጥኑት፣ ጥሩ አድርጋችሁ አለቅልቁ፣ ካልሆነ ቢራው የክሊኒክ ጣዕም ይኖረዋል። ከአሲድ፣ ከኮምጣጤም ጭምር፣ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ንጽሕና ከግፊት ጋር ምን አገናኘው? ያልተጠሩ የዱር እርሾዎች አሉ። የእናንተ እርሾ መብላት የማይችለውን የብቅል ስኳር እነሱ ይበሉታል። ዲያስታቲከስ የሚባል ዝርያ አለ፤ ረጃጅሙን የስኳር ሰንሰለት በኤንዛይም እየቆራረጠ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት፣ ይጨርሰዋል። ሴዞን የሚባለውን የቤልጂየም ቢራ ዓይነት የሚጠምቁ ሰዎች ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ሳይጠራ ከገባ ግን በሦስተኛው ሳምንት ጥሩ የነበረ ቢራ በሦስተኛው ወር ሲከፈት ምንጭ ይሆናል። «በትክክል ለካሁ፣ በትክክል መዘንኩ፣ ለምን?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ቱቦውንና የባልዲውን ቧንቧ ነው። ቧንቧው ይፈታል። ፍቱት። ውስጡን ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

መሙላቱ ራሱ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ቫልቭ ያለው የመሙያ ቱቦ ግዙ። ታች ሲነካ ይከፈታል፣ ስታነሱት ይዘጋል። ቢራው እስከ አፉ ይሙላ፤ ቱቦው ሲወጣ እሱ ይዞት የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል፣ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር። ልኩ ያ ነው። አታንቦጫርቁት፤ አየር የገባበት ቢራ ከወር በኋላ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ቱቦውን ደግሞ በአፍ ስባችሁ አታስጀምሩ።

አሁን ከሁሉም የምወዳት ዘዴ። ከጠርሙሶቹ መሃል አንዷን የፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ አድርጉ። ሌላው ሁሉ ብርጭቆ፣ እሷ ብቻ ፕላስቲክ። ያው ቢራ፣ ያው ስኳር። ስትሞሏት ጨመቅ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና ክደኗት። በየሁለት ቀኑ ጨብጧት። መጀመሪያ ትሰረጉዳለች። በሳምንቷ ትጠነክራለች። እንደተገዛ ለስላሳ ድርቅ ስትል ሌሎቹም ደርሰዋል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን እንደ ድንጋይ ከሆነች ግን የሆነ ነገር ተሳስቷል፤ ሌሎቹን ዛሬውኑ ፍሪጅ አስገቧቸው። ብርጭቆ አይናገርም። ፕላስቲኳ ትናገርላቸዋለች።

ጠርሙሶቹን ሰው በማይመላለስበት፣ ጨለማ በሆነ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ባለ ቦታ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ክዳን ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይሁኑ። ከአልጋ ሥር አይሁን፣ ልጆች ከሚደርሱበት አይሁን። በሳምንቱ አንዷን አቀዝቅዛችሁ ከፍታችሁ ቅመሱ። ሲደርሱ ወደ ፍሪጅ። ቅዝቃዜ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ጋዙንም ቢራው ውስጥ ያሰርገዋል፤ ግፊቱ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የሚጠቅሙትን ላስገባቸው።

አንዲት እህት «ፍራፍሬ ልጨምርበት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። ትችያለሽ፤ ባልዲው ውስጥ። ፍራፍሬ ስኳር ነው፣ ማርም ስኳር ነው። ጨምረሽ መለኪያው እንደገና እስኪቆም ትጠብቂያለሽ። ጠርሙስ ውስጥ ፍሬ ጣል ማድረግ ግን ስንት ስኳር እንደጨመርሽ ሳታውቂ መዝጋት ነው። መዓዛ ይሰጥ ተብሎ በመጨረሻ የሚጨመር ሆፕስም ቁጥሩን ሊያወርደው ይችላል፤ ከሆፕሱ ጋር የሚገባው ኤንዛይም የቀረውን ስኳር ይቆራርጠዋል። ከእሱም በኋላ ለኪ።

ሌላው «ሪፍራክቶሜትር አለኝ፣ ሃይድሮሜትር ለምን እገዛለሁ?» አለ። ሪፍራክቶሜትር ስኳርን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ አልኮል ሲገባበት ግን ያሳስታል፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ማስተካከያ ስሌት ይፈልጋል። ለጀማሪ ርካሹ የብርጭቆ ሃይድሮሜትር ይሻላል። ሁለት ግዙ፤ አንዱ መሰበሩ አይቀርም።

መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «እነዚያስ 31?» አሉ። አልረሷቸውም።

መጀመሪያ ማድረግ የሚገባውን ልናገር። ጠርሙስ መፈንዳት ከጀመረ አትግቡ። አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። በሩን ዝጉ፣ ልጅና እንስሳ አርቁ፣ ክፍሉን ማቀዝቀዝ የምትችሉ ከሆነ አቀዝቅዙ። የሞቀ ጠርሙስ አይነካም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይነቀነቅም። ከቀዘቀዘ በኋላ ብትገቡም የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። በላያቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ይጣልባቸው። እጅግ የምትፈሩ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ የሰውን ዓይን የሚያህል ቢራ የለም።

የእኔ ጓዳ አንድ መስኮት ነበረው። ከውጭ በኩል ዞሬ በረጅም እንጨት ገፋሁና ከፈትኩት። ወቅቱ ብርድ ነበር። ሁለት ሌሊት አሳደርኳቸው። በሦስተኛው ቀን የሞተር ሳይክል ሄልሜት ተውሼ፣ ካፖርት ደርቤ፣ ሁለት ጓንት በላይ በላዩ አድርጌ ገባሁ። ከብርድ ልብሱ ሥር እጄን አስገብቼ አንድ በአንድ ቆርኪያቸውን አላላሁ። ፍሽ... ፍሽ... እያሉ አረፋቸውን ወለሉ ላይ ደፉት። አንዱም አልፈነዳም። ሲያበቃ ከየጠርሙሱ ግማሽ ያህሉ ቀርቶ ነበር። ስባሪ ሊኖርበት ስለሚችል ሁሉንም መድፋት ነበረብኝ፤ ደፋሁትም። አንዷን ብቻ፣ ከጥግ የነበረችውን፣ በሻሽ አጥልዬ በምላሴ ጫፍ ቀመስኩ። ይህን እናንተ አታድርጉ።

እስከ ዛሬ ከጠመቅኳቸው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነበር። ወዳጆቼ ሲመጡ ያቀረብኩላቸው ግን ከሱቅ የገዛሁትን ነው።